አንድ ምስማር ያህል ክፍተት

ታፋ ምስማር እያቃና ነው። አሮጌ፣ የዛገ፣ እንደ ዶሮ ጥፍር የተቆለመመ ምስማር። አንዱን ያነሳና ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ያጋድመዋል፤ በመዶሻ ሁለቴ ቀስ አድርጎ ይመታዋል፤ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ቀጥ ማለቱን ያያል። ካልተስማማው እንደገና ያጋድመዋል። ከተስማማው የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ይጥለዋል። ሰኞ ጠዋት ከቁርስ በኋላ የጀመረው ሥራ ነው። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ጣሳው ገና ግማሽ አልሞላም።

እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ፤ ቆሽቴ እያረረ።

ለምን እንዳረረ ልንገራችሁ። ታፋ አማቼ ነው፤ የልጄ የወለላ ባል። ወለላ እዚሁ ነቀምቴ፣ ከቤታችን ጓሮ፣ ሦስት መቶ የአቮካዶ ችግኝ አፍልታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ በጄሪካን ተሸክማ፣ ከዶሮና ከፍየል ተጣልታ ያሳደገችው ነው። የጉቴ ገበሬዎች ሦስት መቶውንም ሊወስዱ ተስማምተዋል። ጉድጓዳቸውን ቆፍረው ጨርሰው፣ «ሐሙስ ጠዋት አድርሱልን፤ ካለፈ ከሌላ ቦታ እናመጣለን» ብለዋል። የእኛ ችግኝ ደግሞ ሥሩ ፕላስቲኩን ቀዶ መሬት መያዝ ጀምሯል። ይህን ክረምት እዚያው ከቆመ አበቃለት። የሚያደርሰው የታፋ ፒክአፕ ነው፤ ፒክአፑም ወለል የለውም።

የለውም ስል በቀልድ አይደለም። መኪናው ከወለላ በዕድሜ ይበልጣል። ታፋ ድሮ የወባ መድኃኒት ለሚረጩ ሰዎች ሾፌር ነበር። ሥራው ሲዘጋ መኪናውን በሐራጅ ሸጡት፤ እሱም ያጠራቀማትን አውጥቶ ገዛው። ከዚያ ለነጋዴዎች ሁለት ዓመት የከብት ጨው አመላለሰበት። ጨው ብረት እንደሚበላ የማያውቅ የለም፤ እሱም ያውቃል፤ ግን ነጋዴዎቹ ሲለምኑት እንቢ ማለት አልሆነለትም። ጨው ላሜራውን በላው። የልጅ ልጄ ናኦሚ ባለፈው ወር ከኋላ ተቀምጣ መጥታ፣ «አኮ፣ በእግሬ መሃል የመንገዱን ጠጠር ስቆጥር መጣሁ» አለችኝ። አኮ ማለት በእነሱ አፍ አያት ማለት ነው።

ጋራዥ ወስዶ አዲስ ላሜራ ማስበየድ አቅማችን አይደለም። ስለዚህ ታፋ በእንጨት እሠራዋለሁ አለ። እንጨቱን ቢላ በምትባል ከተማ የሚኖሩት አባቱ ፈይሳ ሰጡት፤ አሥራ ሁለት የዋንዛ ጣውላ። ሽማግሌው ለበር ብለው አስፈልጠው፣ በሩ ሳይሠራ ሠላሳ ዓመት ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ የኖረ ነው። ጢስ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ሲመቱት እንደ ከበሮ ይጮኻል። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ መጣ። እንግዲህ እንጨቱ አለ፣ መጋዙ አለ፣ መዶሻው አለ፣ የቀረው ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ሰውየው ግን ምስማር ያቃናል።

መሸሻ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። ጎረቤታችን ነው፤ ጡረታ የወጣ አናጢ፤ ከመጋዝ ይልቅ ምላሱ የተሳለ።

«አንተ ታፋ፣ ምስማሮቹን ስታቃና ስም ብታወጣላቸውስ?»

«የመጀመሪያው መሸሻ ይባል» አልኩ እኔ። «ጎባጣ ነው።»

ታፋ ፈገግ አለ፤ ወደ እኔ ግን አልዞረም። መዞር አይሆንለትም። ወለላን ካገባ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በነዚህ ዓመታት አንድ ቀን ፊቴን ትክ ብሎ አላየኝም፣ ስሜን አልጠራም፣ እኔ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ላይ አልተቀመጠም። ያደገበት ቤት ወግ ነው። አማት ትከበራለች፤ ቃሏ አይመለስም። የሚጠራኝ አዮ ብሎ ነው፤ እናቴ እንደማለት። ለምለው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ቶሌ፣ አዮ»። እሺ ማለቱ ነው። ውጣ ብለው ቶሌ፤ ግባ ብለው ቶሌ።

እኔ ወሎ ተወልጄ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ኪራሙ የሰፈርኩ ሰው ነኝ። በእኛ ቤት አማትና አማች ሲከራከሩ ጎረቤት ይሰማል፤ ማታ አብረው ይበላሉ። ኪራሙ መኖር ሲያቅተን፣ ዛሬ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ታፋ በዚሁ ፒክአፕ መጥቶ ከነዕቃዬ አወጣኝ። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ነቀምቴ ስንገባ ብቻ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «ምሥራቅ በኩል ያለው ክፍል ለእርስዎ ነው፤ ፀሐይ ያገኛል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ረጅም ነገር ሲነግረኝ አላስታውስም።

ማክሰኞ ሥራው ተጀመረ፤ እኔም ተመስገን አልኩ። አራት የባሕር ዛፍ አጣና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብቶ በቁመት ዘረጋ፤ በቡሎን ከመኪናው ብረት ጋር አሰራቸው። ከዚያ ጣውላዎቹን በላያቸው አግድም ይደረድር ጀመር። አንዱን ይመታል፤ ከጎኑ አንድ ምስማር ያቆማል፤ ሁለተኛውን ጣውላ እስከ ምስማሩ አስጠግቶ ይመታል፤ ምስማሩን ይነቅላል። ቀጥሎ እንደዚያው። እኩለ ቀን ላይ ሰባተኛው ላይ ደርሶ ነበር። ምሳ ልጥራው ወጥቼ ሳይ፣ በየጣውላው መሃል ብርሃን ይታያል።

«ታፋ፣ የምትሠራው ወለል ነው ወይስ ወንፊት?»

ሁለት ምስማር አፉ ውስጥ ነበር፤ አውጥቶ በመዳፉ ያዛቸው።

«ነገ ጤፍ ብትጭንበት መንገድ ለመንገድ ልትዘራው ነው? ከአንድ ቀዳዳ ሊያወጣን ነው ስል ስድስት ቀዳዳ ሠራህልኝ። ግጥም አድርገው እንጂ፣ ልጄ።»

መሬት መሬት አየ። አፉ ሊከፈት ያለ መሰለኝ፤ አሁን ሳስበው በእርግጥ ሊከፈት ነበር። ከዚያ፣ «ቶሌ፣ አዮ» አለ።

ምሳውን ትቶ ሰባቱንም ጣውላ ነቀለ። ሲነቀል የጎበጠውን ምስማር ሁሉ እንደገና አቃና። ይህ ሰው ይገድለኛል አልኩ በሆዴ። ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለቱንም አጋጥሞ መታ። ሁሉም ሲጠጋጋ መጨረሻው ላይ ሦስት ጣት የሚያህል ቦታ ተረፈ፤ እዚያም ቀጭን ርብራብ ቆርጦ አስገባና ደፈነው። የኋላው ስፖንዳ ሲዘጋ ድፍን እንደ ሣጥን ሆነ። መርፌ አያሾልክም። ወለላን ጠርቼ አሳየኋት። «አየሽ፤ ሰው ቆሞ ካላሠራው አይሆንም» አልኳት። መሸሻ በዚያን ቀን ለቅሶ ሄዶ ስለነበር የሚያየን ሌላ ሰው አልነበረም።

ማታውኑ ዝናብ ጣለ፤ የሰኔ ዝናብ፣ እስኪነጋ ሳያባራ።

ረቡዕ ጠዋት ወለላ ከሁላችን በፊት ወጥታ ነበር። ስደርስባት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፒክአፑን ታያለች። ወለሉ መሃሉ ላይ አብጦ ተነስቷል። ሁለት ጣውላ ምስማሩን ነቅሎ ወደ ላይ ቆሟል። የኋላው ስፖንዳ ተገፍቶ መቆለፊያው ተጣሟል፤ ታፋ በትከሻው ይገፋዋል፣ አይዘጋም። ውሃው መሄጃ አጥቶ ከእብጠቱ ወዲህና ወዲያ ተኝቷል።

«ነገ ሐሙስ ነው» አለች ወለላ። ወደ ችግኞቿ ሄደች።

መሸሻ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ታፋ፣ ግመል ነው እንዴ ያሳደርከው?» አለና አጥሩን ዞሮ በበር ገባ። ጣውላውን በእጁ ዳበሰ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። «ይሄ እኮ ከቆጥ የወረደ ደረቅ ዋንዛ ነው። ማነው እንዲህ የገጠመው? አንተ አትገጥመውም። አንተ እንጨት ታውቃለህ።»

«እንጨቱ ነው» አለ ታፋ። «ውሃ ጠጥቶ ሰፋ።»

«እንጨትማ ውሃ ሲጠጣ ይሰፋል። ለዚህ አይደል እንዴ ክፍተት የሚተውለት? ይሄን ሕፃን ልጅ ያውቃል።»

እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ዝም ብል ነገሩ በእንጨቱ ተሳብቦ ያልፍ ነበር።

«ግጠመው ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

መሸሻ ዞሮ እኔን አየ፣ ታፋን አየ፣ መሬቱን አየ። «እንግዲያ ምን ያድርግ» አለ። «የእኔማ አማት መኪናውን ገልብጠህ ሥራው ብትለኝ ገልብጬ እሠራው ነበር።» ከዚያ ሰበብ ፈልጎ ሄደ። መላጊያ ላምጣ ብሎ።

ሁለታችን ብቻ ቀረን። በማን መናደድ እንዳለብኝ ጠፋኝ። በራሴ ተናድጄ ነበር፤ ግን ራስን መቆጣት ስለሚከብድ በእሱ ጀመርኩ።

«እያወቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬዎት ነበር።»

«መቼ?»

ከጣሳው አንድ ምስማር አወጣና በሁለት ጣቱ ቀጥ አድርጎ ይዞ አሳየኝ። «ይሄን በመሃሉ ሳቆም ያዩኝ መስሎኝ።»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል ስንት ዓመት ሰምቻለሁ። እሱ በምስማር ሲናገር እኔ በአፍ ስጠብቅ፣ ልጄ ሁለት ዓመት የለፋችበት ነገር ሊበላሽብን ነው። ያ ሁሉ ምስማር ሲቃና የነበረውም ለካ ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ አልነበረም። ምስማሩ ከጎበጠ ክፍተቱ እኩል አይሆንም።

«በል ንቀለው» አልኩ። «እኔም እይዝልሃለሁ።»

«ቶሌ» አለና ወዲያው ግራ ገባው፤ ሥራውን ከእኔ ጋር ጎን ለጎን ሆኖ መሥራት ማለት መሆኑን ቆይቶ ነው ያሰበው። ግን ጊዜ አልነበረም። ወለላና ናኦሚ ችግኙን ከመሬት እያላቀቁ በሰልፍ ይደረድራሉ፤ መሸሻ የሰፋውን ጣውላ ጠርዝ ጠርዙን ይልጋል። ያችን ቀጭን ርብራብ መጀመሪያ ነቀልናት፤ ለዶሮ ቤት ሆነች። እኔ ፒክአፑ ላይ ወጥቼ ተንበረከክሁ፤ በየጣውላው መሃል ምስማር አቁሜ በጣቶቼ እይዛለሁ፤ እሱ ጣውላውን አስጠግቶ ይመታል። ይመታል ማለት ይከብዳል። መዶሻውን ከአንድ ስንዝር በላይ አያነሳም፤ እጄን እንዳይነካ ምስማሩን እየደባበሰው ነው። በዚህ አያያዝ ሐሙስ ሳይሆን መስቀልም ይደርስብናል።

ሦስተኛው ጣውላ ላይ ቆመ። ላቡን ጠረገ። ወደ አጥሩ እያየ፣ ቀስ ብሎ፣

«እጅዎን ያንሱ፣ አዮ» አለ።

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እኔን ያዘዘበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ወለላ ችግኝ በእጇ እንደያዘች ቀና አለች። መሸሻ መላጊያውን አቆመ።

«ቶሌ» አልኩ፣ እጄንም አነሳሁ። ምስማሩ ብቻውን ቆመ። ለካ መጀመሪያም የሚይዘው ሰው አያስፈልገውም ነበር።

ከዚያ በኋላ መዶሻው እንደሚገባው ጮኸ። ከመጨለሙ በፊት አሥራ ሁለቱም ጣውላ ቦታውን ያዘ። የስፖንዳው መቆለፊያ ግን ተጣሞ ቀረ፤ በገመድ አሰርነው። በማግስቱ ጠዋት ወለላና ናኦሚ ሦስት መቶውንም ደርድረው ውሃ አጠጡት፤ መኪናውም ተነሳ። የፈሰሰው ውሃ በየክፍተቱ እየተንጠባጠበ ከፒክአፑ ሥር መንገዱን አረጠበው። ጉቴ ሲደርስ የተሰበሩት ሁለት ናቸው፤ እነሱንም ገበሬዎቹ ይተርፋሉ ብለው ወስደዋቸዋል። ይህን የነገረችኝ አብራው የሄደችው ወለላ ናት። ታፋን ብጠይቀው «ደኅና ነው» ብቻ ነበር ያለኝ።

አሁን ለሌሎች ሰዎችም ችግኝ ያመላልሳል። እናም ከነቀምቴ ጉቴ የምትመላለሱ ሾፌሮች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የኋላ ስፖንዳዋ በገመድ የታሰረች፣ ነጭነቷ ከቦታ ቦታ የለቀቀ አሮጌ ፒክአፕ ከፊታችሁ ቀስ እያለች ብታገኙ፣ እባካችሁ ክላክስ አታድርጉበት። ክላክስ ካደረጋችሁበት ታፋ ቶሌ ብሎ ወደ ዳር ይወጣላችኋል፤ ዳሩ ደግሞ ጉድጓድ ነው። ቀስ የሚልበት ምክንያት አለው፤ እሱ ግን አይነግራችሁም።