መድኃኒት ቤቱ የታሸገ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከአየር ጤና ቤቴል በያዝኩት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። አንድ የሕግ ባለሙያ፣ በወረርሽኝ ጊዜ መድኃኒት ደብቆ ዋጋ የሚቆልል ነጋዴ ሱቁ እንደሚታሸግ ያስረዳል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «እሰይ፣ ደግ አደረጉ!» አሉ። እኔም እሰይ ልል ነበር፤ የአንድ መድኃኒት ቤት የታሸገ በር ትዝ አለኝ።

ነገሩ የሆነው ኮሮና በገባበት ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ቤት በዋልኩበት ክረምት ነው። ኮልፌ ገበያ ጨርቅ የሚነግደው አባቴ ታመመ። ቤታችን በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ሽታ ተሞላ። እናቴ አብሽ በጥብጣ በማንኪያ ብትሰጠው ትንፋሹ እየተቆራረጠ መዋጥ አቃተው። የክሊኒኩ ሐኪም ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ አዘዘና «ዛሬውኑ ይጀምር» አለኝ። የበለጠ ያስፈራኝ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ነበር።

በዚያ ዝናብና ጭቃ ከቤቴል እስከ ዘነበወርቅ ያልገባሁበት መድኃኒት ቤት የለም። መልሱ አንድ ነው፦ «አልቋል።» በመጨረሻ አንዱ ባለመድኃኒት ቤት ግራ ቀኙን አይቶ «አለ፤ ግን ዋጋው እንደ ድሮው አይደለም» አለኝ። የጠራውን ስሰማ ጆሮዬ ጭው አለ።

«ወንድሜ፣ አባቴ እየሞተብኝ ነው።»

«ምን ላድርግሽ የኔ እህት፣ እኔም በውድ ነው ያመጣሁት።»

ስለማመጠው ሁለት የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ገቡ። ለካ ከእኔ በፊት የመጣ ሰው ጠቁሞ ኖሯል። ከመደርደሪያው ሥር ካርቶን ጎትተው አወጡ፤ መርፌው ሞልቶበታል። ደስታዬ ግን አልቆየም። አንደኛዋ ተቆጣጣሪ «ውጡ፣ ይታሸጋል» ስትል መድኃኒቱም አብሮ ሊቆለፍ መሆኑ ገባኝ። የበሩን ብረት ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ።

«እህቴ፣ በአላህ! መጀመሪያ ለእኔ ይሽጥልኝ!»

«ይሄ እኮ ማስረጃ ነው።»

የሐኪሙን ማዘዣ ዘረጋሁላት። በማስኩ ትንፋሽ የደበዘዘ መነጽሯን ጠርጋ አነበበችው፤ ከባልደረባዋ ጋር ተያዩ።

«በትክክለኛው ዋጋ ስጣት» አለችው ሰውየውን። እሱም ቆጥሮ ሰጠኝ።

መርፌዎቹን ጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ ታክሲ ስጠብቅ፣ አንድ ሽማግሌ የስኳር መድኃኒት ፍለጋ መጡና የታሸገውን በር አንኳኩ። ተቆጣጣሪዎቹ ሄደዋል።

«ታሽጓል አባባ» አልኳቸው።

«ውስጥ ያለው መድኃኒትስ?»

ታክሲ መጣልኝና ተሳፈርኩ።

አባቴ ዳነ፤ ዛሬም ሱቁ ይውላል። ሕጉን አልቃወምም፤ ያ ሰው መቀጣት ነበረበት። ግን በሩ ሲታሸግ ውስጥ የቀረው መድኃኒት እንዴት ለሕመምተኛ እንደሚደርስ አብሮ ሕጉ ውስጥ ቢጻፍ እመኛለሁ። እኚያ ሽማግሌ ያን ቀን መድኃኒታቸውን ያግኙ አያግኙ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።