ስሙ ሌላ፣ ብረቱ ያው

እኛ መንገድ ላይ ሠላሳ የመኪና መለዋወጫ ሱቆች አሉ። በሁሉም ውስጥ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቅህ የመኪናህን ስም ነው። አንዷ ብቻ አትጠይቅም። "አሮጌውን ይዘኸው መጥተሃል?" ትላለች። ይዘህ ከመጣህ ተቀብላ በጨርቅ ትጠርገውና ትገለብጠዋለች። ሆዱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ሳታነብ ወደ መደርደሪያው አንድ እርምጃ አትራመድም። በዚህ የተነሳ የመንገዱ ሰው ሁሉ ገልብጤ ብሎ ስም አወጣላት። እኛ ታናናሾቿ እትዬ ገልብጤ እንላታለን። ስሙ ሲያስከፋት አይቼ አላውቅም።

እኔ ከሱቋ ፊት ለፊት ያለው ጋራዥ ባለቤትና መካኒክ ነኝ። ስለ ሰው ማውራት ትወዳለህ ይሉኛል፤ እውነት ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ የማወራው ሐሜት ነው። ሰው ለማመስገን ብዬ ስቀመጥ ይኸው የመጀመሪያዬ ነውና ባይሳካልኝ አትፍረዱብኝ።

ሱቁ ውስጥ የተቀጠረችው በጽዳት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሣጥን እያነሳች አቧራ ጠረገች። አንድ ቀን ከላይኛው መደርደሪያ ሁለት ሣጥኖች ወደቁና ተቀደዱ። የሁለት የተለያዩ የመኪና ኩባንያዎች ስም ነበረባቸው። ውስጣቸው የነበሩት የውሃ ፓምፖች ግን መንታ ነበሩ፤ ብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ሳይቀር አንድ ነው። የቱን በየቱ ሣጥን እንደምትመልስ ግራ ቢገባት ባለሱቁን ጠየቀችው። ባለሱቁ ሳቀና "ደስ ባለሽ ክተቺው" አላት። ሌላ ሰው ቢሆን ተገላገልኩ ብሎ ወደ መጥረጊያው ይመለስ ነበር። እሷ ተናደደች። ያንኑ ለታ ጠዋት አንድ ሰውዬ የሱ መኪና ፓምፕ አልቋል ተብሎ ባዶ እጁን ሲመለስ አይታለች። ፓምፑ ግን በሌላ ስም አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ልብ ካላየ ዐይን አያይም እንዲሉ፣ ሻጮቹ ዐሥር ዓመት ሲያዩት ኖረው አላዩትም። እሷ ከዚያ ቀን ጀምራ እየጠረገች መግለበጥ ያዘች፤ ያየችውንም በደብተር መጻፍ። ባለሱቁ ጅል አልነበረም፤ በሁለት ዓመቱ መጥረጊያውን ለሌላ ሰጥቶ እሷን ባንኮኒው ላይ አቆማት።

ነገሩን ላልሰማ ላስረዳ። አንዱ ፋብሪካ የሠራውን መኪና ሌላው ኩባንያ ይወስድና አርማውን ነቅሎ፣ የራሱን ለጥፎ፣ በራሱ ስም ይሸጠዋል። ተስማምተው ነው፤ ሌብነት አይደለም። ያም ሆኖ አንዳንዱ ያስቃል፣ አንዳንዱም ያናድዳል። ኢሱዙ የሠራው ትሩፐር አንዱ ጋ ኦፔል፣ ሌላው ጋ ሆንዳ፣ ሌላው ጋ ደግሞ ሆልደን ተብሎ ተሽጧል። ሆንዳ ራሱ በአንድ ወቅት ላንድሮቨር ዲስከቨሪን ወስዶ የሆንዳ አርማ ለጥፎበታል። እትዬ ገልብጤን ከሁሉ የምታስቃት ግን የአስተን ማርቲኗ ሚጢጢ መኪና ናት። ቶዮታ ለከተማ ጥበት ብሎ የሠራትን፣ አራት ሰው ተጣጥፎ የሚገባባትን መኪና ቆዳ አለበሷት፣ አዲስ አፍንጫ ሠሩላትና ከእጥፍ በላይ በሆነ ዋጋ ለባለጠጋ አቀረቧት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? የመኪናን ስም ግን ነጋዴ ነው የሚያወጣው ትላለች።

ይህን እውቀቷን ሁሉም አይወድላትም። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ለቅንጡ መኪናው የአየር ማጣሪያ ሊገዛ መጥቶ ነበር። ገለበጠችና ከታክሲዎቹ መደርደሪያ አውጥታ ሰጠችው። ሰውዬው ዕቃውን እንደ እባብ እያየ፣ መኪናውን ከታክሲ ጋር ማን አዛመደው ብሎ ጠየቀ። እሷም በትሕትና፣ ያዛመዱት የመኪናው ወላጆች ናቸው አለችው። ማጣሪያውን ትቶ ወጣ። በሳምንቱ ሹፌሩ መጥቶ ያንኑ ገዛ።

እኔም ብሆን ከወዳጆቿ አልነበርኩም። ባንኮኒው ላይ በቆመችበት የመጀመሪያ ዓመት የሰጠችኝ የሞተር ቺንጋ፣ ባለ ጥርሱ ቀበቶ፣ አንድ ጥርስ ይጎድል ነበር። የሁለቱ መኪኖች አካል አንድ ስለሆነ ሞተራቸውም አንድ መስሏት ነበር፤ ለካ አርማውን የቀየሩት ሞተሩንም ቀይረውታል። ዳቦ የሚያከፋፍል ሰውዬ መኪና ቫልቮቹ ታጥፈው ቆመ። ሰውዬው ጋራዤ በር ላይ ቆሞ ያልሰደበኝ ስድብ የለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። እሷ ጩኸቱን ሰምታ መንገዱን ተሻገረች። በሠራተኞቼና በደንበኞቼ ፊት "እሱን ተወው፤ ጥርሱን ሳልቆጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለችው። ከዚያም ሞተሩ ተጠግኖ እስኪያልቅ በየምሳ ሰዓቷ እየመጣች አጠገቤ ቆማ ብሎን ታቀብለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውፍረትና ስፋት የሚለካው ካሊፐር ከኪሷ ተለይቶ አያውቅም። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ቂሜን አልተውኩም። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከሷ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ቺንጋ ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ እያለን ነው የክሊኒኩ ቫን የመጣችው። ተጎትታ ነው የመጣችው። ከኋላዋ ጋሼ ሹፌሩ በእግራቸው ይከተላሉ። ጋሼ ኩላሊታቸው የደከመ ስምንት ሕመምተኞችን በሳምንት ሦስት ቀን ከየቤታቸው እየለቀሙ ወደ እጥበት የሚያመላልሱ ሰው ናቸው። የፍሬኑ ፔዳል ድንገት ወለል ድረስ ሰምጦባቸው፣ በእጅ ፍሬንና በድንጋይ አጥር ነው ያቆሟት። ደግነቱ ባዶዋን ነበረች። የሞተው የፍሬን ማስተር ነው፤ ፔዳሉን ስትረግጥ ዘይቱን ወደ አራቱም ጎማ የሚገፋው ማለት ነው። ቫኗ በእርዳታ የመጣች፣ እኔ ከሷ በፊት አይቼው የማላውቀው አርማ ያለባት ናት። አስመጪ የላት፣ ወኪል የላት። ጋሼ ሃያ ዘጠኙን ሱቅ ዞሩ፤ ሁሉም እንዲህ የሚባል መኪና የለም አሏቸው።

ክሊኒኩ እስከ ቅዳሜ ካልተነሳች ለቁራጭ ብረት ትሸጥ ብሎ ወሰነ። ሌላ መኪና የለውም። በዚያ ሳምንት ሕመምተኞቹ ሁለት አውቶቡስ እየቀየሩ ሄዱ። አንዲት እናት እጥበት ጨርሰው ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ ከዚያ በኋላ መሄድ አልችልም ብለው ቀሩ። ጋሼ ይህን የነገሩኝ መሬት መሬት እያዩ ነው። እጥበት የቀረበት ሰው ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ሠላሳኛው ሱቅ፣ እኔ በቂሜ ሳልጠቁማቸው የቆየሁት፣ የእትዬ ገልብጤ ነው። አሮጌውን ማስተር ይዘንላት ሄድን። ጠረገችው፣ ገለበጠችው፤ ፊቷ ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልፈካም። የቁጥሩን የመጨረሻ ፊደል ዝገት በልቶታል። መንገዱን ተሻገረችና ቫኗ ሥር ገብታ ተኛች። ግማሽ ሰዓት ያህል እግሯን ብቻ ነበር የምናየው። ስትወጣ ፊቷ ጥቁር ዘይት ነው። ይቺ ቫን በየመንገዱ ዕቃ የሚያመላልሱት ቫኖች እህት ናት፤ ማስተራቸውም ሱቅ አለኝ አለች።

"እኔ የሌላ መኪና ፍሬን አልገጥምም" አልኳት። "ቺንጋ ቢሳሳት ሞተር ነው የሚሰበረው። ይሄኛው ስምንት ሰው ነው።"

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ልክ ነህ አለችኝ። አሮጌውን እንድፈታላት ጠይቃ ውስጡን ለካች፣ ፒስተኑን ለካች፣ የቧንቧዎቹን ጥርስ ቆጠረች፣ የብሎኖቹን ርቀት ለካች። ከዚያ አዲሱን ፈትታ ያንኑ ደገመችው። ቁጥሮቹን እሷ ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ቀጥሎ እኔ ጠርቼ እሷ ትጽፋለች። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ሆኑ። የጠፋችውን ፊደል ግን ካሊፐር አይለካትም። ያች ፊደል ምንም ላትሆን ትችላለች፤ ለከባድ ጭነት የተለወጠ ነገር አለ ማለትም ልትሆን ትችላለች። ይህን አልደበቀችንም፤ ለጋሼም ለእኔም አንድ በአንድ አስረዳችን።

ጋሼ እኔ ነድቼ እሞክራታለሁ አሉ። እሷ መጀመሪያ ይገጠም አለች። ዓርብ ከሰዓት ማስተሩን ገጠምኩ፤ አየሩን ከቧንቧዎቹ አስወጣሁ፤ ሞተሩን አስነስቼ ፔዳሉን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። አልሰመጠም፣ ጠብታም አላፈሰሰም። ግቢ ውስጥ ቫኗን ቀስ ብዬ አንቀሳቅሼ ፍሬን ያዝኩ፤ ያዘ። የቀረው ከጋራዡ ኋላ ወደ እንጨት መጋዘኑ የሚወርደው ቁልቁለት ነው።

ያኔ አንድ ነገር አዘዘችን። የቁራጭ ብረት ከረጢቶቹን በሚዛን እየመዘንን የስምንት ሰው ክብደት ያህል ወንበሮቹ ላይ እንድንጭን ነው። ጭነን በገመድ አሰርን። እኔ በር ልከፍት ስል ቁልፉን ከእጄ ወሰደችው።

"ሥራው የኔ ነው" አልኳት።

"መግጠሙ ያንተ ነው" አለችኝ። "ዕቃውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

ቁልፉን ከእጇ መንጠቅ አማረኝ። መጋዘኑ ስልክ ደውለን በሩን አስዘጋን፤ መንገዱን አስለቀቅን። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው አጥር ይዘው ቆሙ። ቫኗ ከላይ ተነሳች። መሃል ላይ ስትደርስ ረገጠችው። ቫኗ አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ ቀጥ አለች። ዞራ ወጣች። ሁለተኛ ከበፊቱ ፈጥና ወረደች፤ ያዘ። ሦስተኛውን እንዳትደግመው ጮህኩባት፤ ደገመችው። ወርዳ ቆመች፤ ጭስም ፍሳሽም የለም። እኔ እንደ ሕፃን እያለቀስኩ እንደነበር ያወቅሁት ጋሼ ትከሻዬን ሲይዙኝ ነው።

ወደ ላይ ተመልሳ ሞተሩን አጠፋች። በሩን ከፈትኩላት።

"እትዬ፣ እርግጠኛ ነበርሽ አይደል?" አልኳት።

"እርግጠኛ ብሆን ኖሮማ አንተን ነበር የምልከው" አለችና፣ ወርዳ ቁልፉን ለጋሼ ሰጠቻቸው።