ዙቤር ያልነቀለው ሽቦ

ዙቤርን አልረግመውም። ሊረግሙት የሚከጅላቸው ሰዎች መጀመሪያ አጠገቡ ተቀምጠው ቢያዩት ጥሩ ነበር። እኔ ዶርሳፍ፣ ስፋክስ ወደብ አጠገብ ባለች ጠባብ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ሃሪሳ የምንለው የበርበሬ ድልህ የተቀባ ዳቦውን ከግማሽ ቆርሶ ሳይሰጠኝ በልቶ አያውቅም። ደግ ነው። ግን ግትርነቱ! ኧረ ግትርነቱ!

ሥራችን ለአንድ የከተማው ሆስፒታል ነበር። የኦክስጅን ሲሊንደሮች ላይ የምትገጠም መለኪያ አለች። እሷ የቀረውን አየር ትለካለች፤ የእኛ ፕሮግራም ቁጥሩን ለነርሶቹ በስክሪን ያሳያል፣ ሊያልቅ ሲል ደግሞ የመጋዘን ጠባቂው ጋ ይደውላል። ታዲያ መለኪያዋ ጉምሩክ ተይዛ ቀረች። ዛሬ ትለቀቃለች፣ ነገ ትለቀቃለች፣ ማኅተም ጎደለ፣ ፊርማ ጎደለ... ጉምሩክ የገባ ዕቃ መቼ እንደሚወጣ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ዙቤር እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ሰው አይደለም። የመለኪያዋን መመሪያ አነበበና በእሷ ፈንታ የሚመልስ አስመሳይ ጻፈ። ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ ፕሮግራሙ «ስንት ቀረ?» ሲለው፣ እሷ ትለዋለች ብሎ ዙቤር ያሰበውን ይመልሳል። ሙከራዎቻችንን በሙሉ በዚህ ሠራናቸው። ቁልፍ ስትነኩ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ ሁሉም አረንጓዴ፣ ማለትም «አለፈ»፣ ይሆናሉ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይላል።

መለኪያዋ በመጨረሻ ስትለቀቅ የማስረከቢያው ቀን ደርሶ ነበር። ያኔ ነው የተጣላነው።

«ስልኩን አስመስል፣ ሰዓቱን አስመስል፤ ማን ከለከለህ?» አልኩት። «እሷን ግን አንድ ሙከራ ላይ እንኳ በእውነት እናስገባት። ሽቦዋን ነቅለን ምን እንደምትል እንይ።»

«ምን እንደምትል መመሪያው ላይ አለ። ሽቦ ሲነቀል ስህተት ብላ ትጮኻለች። አስመሳዩም ይጮኻል። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«አስመሳዩማ አንተ ነህ! ራስህ ትጠይቃለህ፣ ራስህ ትመልሳለህ፣ ከዚያ ለራስህ ታጨበጭባለህ!»

ቢሮው በሳቅ አውካካ። እሱም ሳቀ።

«በአላህ ዶርሳፍ፣ አንቺ እኮ ሻይሽ ውስጥ ስኳር መኖሩን ለማመን ላብራቶሪ ታስመረምሪያለሽ! እሷን ማገናኘት ብቻ ጧቱን ይበላል። ማነው በየቀኑ ቁጭ ብሎ ሽቦ ሲነቅል የሚውለው?»

አለቃችን ሲ ላስአድ («ሲ» እኛ ዘንድ «አቶ» ማለት ነው) ሰዓቱን አየና «ዙቤር ይወስን» አለ። ዙቤርም ወሰነ።

ብርዱ ሲገባ እናቱ ለላ መብሩካ ታመሙ። ዕድሜ ልኩን የፋብሪካ ጭስ የሳበ ሳንባ ነው፣ ምን ይጠበቃል? ያስተኟቸው እዚያው ሆስፒታል፣ የእኛ ስክሪን ያለበት ክፍል ነበር። የዙቤር ኩራት! «እናቴን የሚጠብቅልኝ የገዛ ሥራዬ ነው» ይለን ነበር። ከልቡ ነበር የሚለው።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ሠራተኞች ሲሊንደር ሲያመላልሱ መለኪያዋን ከሲሊንደሩ የሚያገናኘውን ሽቦ ነቀሉት። ማንም ልብ አላለውም። መለኪያዋም አልጮኸችም። መመሪያው ሌላ፣ የእሷ አመል ሌላ፤ ሽቦዋ ሲነቀል የመጨረሻውን ቁጥር እየደጋገመች ትልካለች። ስክሪኑ ሙሉ ነው እንዳለ ቀረ፣ የጠባቂው ስልክ አልጠራም፣ አየሩ አለቀ። ሌሎቹ በሽተኞች የየራሳቸው ሲሊንደር ነበራቸው፤ ተረፉ። ለላ መብሩካ አልተረፉም።

አስከሬኑን ሲያነሱ ሽቦው ተነቅሎ ያየው ዙቤር ብቻ ነበር፤ ከቀብሩ ማግስት ቢሮ መጣ። መጠባበቂያዋን መለኪያ ከካርቶኗ አወጣ፣ ገጠማት፣ ሽቦዋን ነቀለ። ስክሪኑ ሙሉ ይላል። መልሶ ሰክቶ እንደገና ነቀለ። ሙሉ። ከዚያ ሙከራዎቹን አስኬዳቸው፤ ሁሉም አረንጓዴ ሆኑ። ብድግ ብሎ ሲወጣ ተከትዬው ለቅሶ ቤት ሄድኩ።

የእናቱ ክፍል ነርስ ልታጽናና መጥታ ነበር።

«አይዞህ ሲ ዙቤር፣ የአላህ ፈቃድ ነው። አየሩ እስከ መጨረሻው ሙሉ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። የሚጠይቀው የለም። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ዝም በል፣ ዝም በል እያልኩ በሆዴ ለመንኩት።

«ሙሉ አልነበረም» አለ። «ባዶ ነበር። ሙሉ ነው ብሎ የዋሸሽ የኔ ፕሮግራም ነው። ሽቦውን ነቅዬ ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም።»

እናታቸውን አልጋቸው አጠገብ ሆና ያስታመመችው እህቱ ናዚሃ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ባዶ?»

«ባዶ።»

«እማዬ የአየር ጭምብሉን ከፊቷ ልትገፋ ስትታገለኝ ነርሷን ጠራኋት። ስክሪኑን አየችና ‹ሙሉ ነው፣ ፍርሃት ነው› አለችኝ።» ናዚሃ እጆቿን ማየት ጀመረች። «እኔም ‹እማዬ፣ አየር አለሽ፣ አትረብሺ› እያልኩ ጭምብሉን በሁለት እጄ ያዝኩባት። ጸጥ እስክትል ያዝኩባት።»