ቀይ ክር የታሰረበት ብስክሌት

ሰፈሩ «ሜትሬ» ይላታል፤ የልብስ መለኪያ ሜትሯ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅማ! ልብስ ሰፊ ናት። ሃያ ዓመት የሰው ወገብ ስትለካ ኖራ አንድ ነገር አጥብቃ ይዛለች፦ ሰው ሁሉ ስለ ወገቡ ይዋሻል። በገዛ ወገቡ የዋሸ ደግሞ በምኑ ይታመናል? እሷን ግን ማንም እንዲጠረጥራት አትወድም። አንዲት ደንበኛ ጨርቄ እንዳይጎድል ብላ ጠርዙን በቀለም ምልክት አድርጋ ብታመጣ፣ «የሌባ ቤት መስሎሽ ነው?» ብላ ከነጨርቋ ከበር መልሳታለች።

ዘንድሮ ዳገቱ አናት ላይ ያለው የልብስ ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ አድርጎ ለሙከራ ቀጠራት። መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ ነው፣ መኪና አይደፍረውም። በእግሯ እየወጣች ሁለቴ አረፈደች። አለቃዋ «ሦስተኛ ካረፈድሽ እዚያው ቤትሽ ቅሪ» አላት። ታናሽ እህቷን የምታስተምረው በዚህ ሥራ ነውና ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በልጅነቷ የወንድሞቿን ብስክሌት እየሰረቀች ትነዳ የነበረችው ሜትሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ልትገዛ ተነሳች።

ከዳገቱ ሥር ብስክሌት የሚሸጥና የሚጠግን ጎልማሳ መካኒክ አለ። የተራራ ብስክሌት ስትለው አንድ ሮዝ አወጣላት።

«ይሄ የሴት ነው።»

«ሴት ያደረገው ቀለሙ ነው?»

«አይ እህቴ፣ የላይኛው ብረት ዝቅ ያለ ነው። ከመቀመጫው እስከ መሪውም አጠር ይላል። ክንድሽ አይወጠርም።»

እሷ በወሬ ትሸኝ? ሜትሯን ከአንገቷ መዘዘች። ብረቱን ለካች፣ እግሯን ለካች፣ ክንዷን ለካች። ልክክ አለ። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት፤ ጉድለት ካልተገኘ ተደብቋል ማለት ነው። ቢሆንም ገዛችው።

በማግስቱ ዳገቱ ላይ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ከበዳት። ለጥቂት ደረሰች። ማታ ስትመለስ መካኒኩ አይቶ «ማርሽ መቀየሪያው አርጅቷል፣ በአዲስ ልለውጥልሽ፤ እዚህ ይደር» አለ። ይደር? እሱ ዘንድ? ዞር ሲልላት ከቦርሳዋ ቀይ ክር አወጣችና መቀመጫው፣ መሪው፣ ሁለቱ ጎማዎች ላይ በስውር አሰረች። አሮጌው ማርሽ መቀየሪያ ላይም አሰረች፤ በእርግጥ መቀየሩን የምታውቀው ክሩ ሲጠፋ ነዋ! ትርፉን ክር በጥርሷ በጠሰችው።

በማግስቱ ሌሊት ተነስታ በእግሯ ሥራ ወጣች፤ ማታ ስትመለስ ወሰደችው። ቤቷ ስትደርስ አጎንብሳ አየች፤ አራቱ ክሮች ቦታቸው ላይ ናቸው። አምስተኛውም፣ «አዲሱ» ማርሽ መቀየሪያ ላይ፣ ቀይ ሆኖ ተንጠልጥሏል።

«ወይ ጉድ! አሮጌውን ወልውሎ መለሰልኝ!» ብላ ጮኸች።

«አዲስ እኮ ነው የሚመስለው» አለች እህቷ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ይሄን ሌባ ነገ ከሥራ መልስ አሳየዋለሁ!»

ጠዋት ገና ዳገቱን ስትጀምር ካቴናው ተንቋቋና ቀጥ አለ። ደሟ ፈላ። የቀራት ሃያ ደቂቃ ነው። ብስክሌቱን እየጎተተች መካኒኩ በር ላይ ደረሰችና ሰላምታ እንኳ ሳታቀርብ አፏን ከፈተች።

«አንተ ሰውዬ፣ እንጀራዬን ልታስቆርጠኝ ነው? ለውጫለሁ ያልከው የታለ?»

ሰውየው ብስክሌቱን ገለበጠና ከካቴናው መሃል በጉጠት አንድ ነገር ጎትቶ አወጣ። ቅባት የጠጣ ቀይ ክር ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው እህቴ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ከአሮጌው ላይ ፈትቼ አዲሱ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። የሚወድሽ ሰው ለደህና መንገድ ያሰረልሽ መስሎኝ መጣል ፈራሁ። ጫፉን ማሳጠር ነበረብኝ።»

ክሩን ተቀብላ አየችው። ቋጠሮው የጫማ ማሰሪያ ቋጠሮ ነው፣ ጫፉ ረጅም ነው። የእሷ አይደለም። ሃያ ዓመት ክር የቋጠረች ሴት የራሷን ቋጠሮ ሳታይ ሰው ሌባ አለች። ኩም አለች። መሬት ብትውጣት በወደደች።

«ማንም አላሰረልኝም» አለች በመጨረሻ። «እኔው ነኝ። ትሰርቀኛለህ ብዬ።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጠረገ፣ አሁንም ጠረገ። «በይ ሰዓትሽ ሄደ» አለ። «ቀላሉ ማርሽ ላይ አድርጊና ውጪ።»

ብስክሌቱ ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣላት። አለቃዋ ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ፣ አስገባት። ሥራዋ ተረፈላት።

ማታ ሌላ መንገድ አማራት፤ ግን እምቢ ብላ መካኒኩ በር ላይ ወረደች። ሜትሯን ከአንገቷ አወጣች።

«ና ልለካህ። የሥራ ሱሪ እሰፋልሃለሁ፣ ያለ ዋጋ።»

መካኒኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለ። «ጨርቁን እኔ አመጣለሁ። ግን ጠርዙ ላይ ክር አስሬበት ነው የምሰጥሽ።»

ያቺ ከበር የመለሰቻት ደንበኛ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት።

«እሰርበት» አለች ሜትሬ፣ ወገቡን ለመለካት እያጎነበሰች።