ኮሌታ ያሰፋችው እናት

የሰፈሩ ሰው «ሚሊ» ይላታል። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ አንዲት ሚሊ ሜትር ከሳተች ስፌቱን ትፈታለች እንጂ «በካውያ ይስተካከላል» ብሎ ነገር አታውቅም። የእያንዳንዱን ልጅ ቁመት፣ ደረት፣ ወገብና አንገት በየዓመቱ በደብተር ትመዘግባለች። ደንበኛ «ባምናው ልክ ስፊለት» ሲላት «ልጅህ አምና ላይ ቆሟል እንዴ?» ትለዋለች።

ቆማ የቀረችው ግን የራሷ ልጅ ነበረች።

የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ለአዲሱ የትምህርት ዘመን ስትለካ፣ ቁመቷ ካምናው የበለጠው በግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው። ሚሊ ጥፋቱን በሜትሩ አሳበበች። የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ሜትር ደግሞ ሰው ያሳጥራል። አዲስ ገዝታ ለካች። ያው ነው። የጨመረው አንገቷ ነበር። «ወፍራ ነው» አለችና ኮሌታውን አስፍታ ቆረጠች። አምናም እንዲሁ አድርጋ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የልጅቷ መምህር ሚሊን አስጠሯት።

«ልጅዎ ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ትደርባለች። ስንፍና ነው እናት፤ በዚሁ ከቀጠለች ክፍል መድገሟ ነው።»

ሚሊ ቤት ገብታ ደብተሩን ገለጠች። በሁለት ዓመት ቁመት አንድ ሴንቲ ሜትር፣ አንገት ሦስት። የጎበጠ ትከሻ ቢመጣ ልብሱን እንደ ትከሻው መቁረጥ ሙያዋ ነው፤ ትከሻው ለምን ጎበጠ ብላ ጠይቃ አታውቅም።

«በገዛ እጄ ለበሽታ ልብስ ስሰፋለት ኖርኩ!» አለች።

«ምን በሽታ አለ፣ የኛ ዘር አጭር ነው» አሉ የሚሊ እናት።

«እማዬ፣ አጭር ዘርም እኮ ያድጋል።»

ጎረቤቷም በበር ብቅ ብላ «እንቅርት ከሆነ ጨው አብዢላት» ብላ ሄደች።

በማግስቱ የጤና ጣቢያው ወጣት ሐኪም ልጅቷን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ገና ልጅ ናት፤ ትረዝማለች» አለ።

«መቼ ዶክተር?» ሚሊ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «እኔ የምችለውን ለክቻለሁ። እርስዎ ደሟን ይለኩልኝ። እስከዚያ ከዚህ ወንበር አልነሳም።»

ሐኪሙ ቁጥሮቹን አነበበ። ተነስቶ የልጅቷን አንገት ዳሰሰ፤ ውሃ አስዋጣትና እንደገና ዳሰሰ። ከዚያ በኋላ ስለ መርዘም አላወራም። ደሟን አስመርምሮ ወደ ልጆች ሆስፒታል ላካቸው።

የሆስፒታሉ ሐኪም ውጤቱን አይታ ነገሩን ለልጅቷ አስረዳቻት።

«አንገትሽ ላይ ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። ሰውነትሽን ከበሽታ የሚጠብቀው ዘበኛ ተሳስቶ የራሱን ቤት ሰው፣ ይህንኑ ዕጢ፣ እየደበደበ ነው። ዕጢው ሲደክም እድገት ይቆማል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ እንቅልፍ ይጫናል። ሰነፍ አይደለሽም። ጨው ማብዛትም አያድነውም።»

«ትረዝማለች?» አለች ሚሊ። ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

«የአጥንቷ ማደጊያ ገና አልተዘጋም፤ ግን የምናባክነው ቀን የለንም። ክኒኑን በየጠዋቱ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ። ቁርስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ።»

«እስከ መቼ?» አለች ልጅቷ።

«ምናልባት ዕድሜ ልክሽን።»

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!»

ሐኪሟ ሳቀች። ሚሊ አልሳቀችም።

የሐኪሟን ወረቀት ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበቡትና ልጅቷን ከፊት ወንበር አስቀመጧት። ቤት ውስጥ ደግሞ ሚሊ በየጠዋቱ ብርጭቆ ይዛ እንደ ወታደር ትቆማለች።

«ዋጥሽ? እስቲ ምላስሽን አንሺ!»

«እማ፣ እኔ ዚፕ ነኝ እንዴ በየቀኑ የምትፈትሺኝ?»

በስድስተኛው ወር ሐኪሟ ለካቻት፤ አራት ሴንቲ ሜትር ጨምራለች። ደሟም ተስተካክሏል። ሚሊ ለሚቀጥለው ስድስት ወር ትእዛዝ ልትደረድር አፏን ስትከፍት፣ ልጅቷ የክኒኑን ፓኮ ከእናቷ እጅ ወሰደች።

«በቃ እማ። ዕድሜ ልክ ከሆነ ዕድሜው የኔ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሚሊ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ሥራ አልጀመረችም። እንዳትነሳ ወንበሩን በሁለት እጇ ጨምድዳለች። ከጓዳ ውሃ ሲቀዳ፣ ቀጥሎ ብርጭቆ ሲቀመጥ ሰማች። ያን ጊዜ ፔዳሉን ረገጠች።