ሙሚና የማለችበት ኦቾሎኒ

ሙሚና ያልገባትን ነገር ዝም ብላ ማለፍ አይሆንላትም። ካርቱም፣ ሪያድ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሱዳናዊ መሐንዲስ ቪላ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ፣ «ይኼ የአየር ማቀዝቀዣ ቧንቧ ሳይቀጠልለት ውሃውን ከየት እያመጣ ነው የሚያንጠባጥበው?» ብላ ሰውዬውን ከምሳው አስነስታ፣ በእርሳስ እየሣለ እንዲያስረዳት አድርጋለች። እመቤቷ በሳቅ ሞተች። ሙሚና ግን እስኪገባት ድረስ ከአጠገቡ ንቅንቅ አላለችም።

እንዲህ ያለች ሴት፣ ከሁለት ወር ምግብ ቆጠባ በኋላ ሚዛን ላይ ወጥታ ዘጠና ሁለት ኪሎ ስትባል ምን እንደምትሆን ገምቱ። ቁጠባውን የጀመረችው በዘጠና አንድ ነበር!

ነገሩ የመጣው በጉልበቷ ሕመም ነው። ካርቱም ገና ሰላም ሳለች፣ ጦርነቱ ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው የማወራችሁ። ሙሚና ያን ጊዜ ቪላውን ትታ ሳጃና ሰፈር ውስጥ አንድ ጠባብ በረንዳ ተከራይታ ኦቾሎኒ ትቆላ ነበር። ሱዳን እኮ የኦቾሎኒ አገር ነው፤ ከወሎ መጥቶ ለሱዳን ሰው ኦቾሎኒ ቆልቶ መሸጥ ድፍረት ነው። እሷ ግን ሰፊ ብረት ምጣድ ላይ አሸዋ አግላ፣ ኦቾሎኒውን እዚያ ውስጥ ጨምራ፣ በማማሰያ እያገላበጠች የምታወጣው ቁሌት ስሙ ርቆ ሄዷል። ሰባት ዓመት ከጧት እስከ ማታ በእግሯ ቆማ ሠርታለች። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ አሸዋው አንዴ ከተኛ ኦቾሎኒው ያርራል።

ሐኪሙ ታዲያ የመጀመሪያውን ቀን ነገሩን አላድበሰበሰባትም።

«ጉልበትሽ ሸክም በዝቶበታል፣ ኡክቲ፣ እህቴ። ቢያንስ አራት አምስት ኪሎ ቀንሺ። ካልቀነስሽ ቆሞ መሥራት ይቀራል።»

ቆሞ መሥራት ከቀረ ምን ቀረ? በአርባ ስድስት ዓመቷ ደግሞ ማን ቤት ትግባ? እዚያም ቢሆን የሚሠራው ቆሞ ነው።

«ኦቾሎኒስ?» አለችው ፈራ ተባ እያለች።

«ኦቾሎኒ ጥሩ ነው። ለልብ ይበጃል፣ ያጠግባል። ግን በቀን አንድ ጭብጥ ብቻ። ካሎሪው ከባድ ነው።»

«ካሎሪ ምንድን ነው?»

«ምግብ ውስጥ ያለ ነዳጅ በይው። ሰውነትሽ ያላነደደውን ስብ አድርጎ ያስቀምጠዋል።»

ዕድሜዋን ከከሰል ጋር የኖረች ሴት ይኼ ወዲያው ገባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይዋን ያለ ስኳር ጠጣች፤ ለካርቱም ሰው ይኼ ቅጣት ነው። ዳቦዋን ለሁለት ገመሰች፤ በዘይት የተጠበሰ ነገር ባየች ቁጥር ፊቷን አዞረች። ጧት አራት ሰዓት ሲሆን አንድ ጭብጥ ኦቾሎኒ ትቆጥርና፣ እዚያው እንደቆመች፣ እያማሰለች ትውጣለች። በቃ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ አለፈ።

እና ዘጠና ሁለት!

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «ኡክቲ፣ ትበያለሽ።»

«አልበላም!»

«ሚዛን አይዋሽም።»

«እኔስ እዋሻለሁ? ወላሂ! ከዚያች ከአንድ ጭብጥ ሌላ አንዲት ፍሬ በአፌ አልዞረችም!»

ሐኪሙ ወላሂ ሲባል ክርክሩን ተወው። «ከረመዳን በኋላ ተመለሽ» አላት። «ያኔም ካልቀነሰ ሥራውን ታቆሚያለሽ። ሌላ የምልሽ የለኝም።»

ሙሚና እየነደደች ወጣች። ሥራዋን ማጣቷ አንድ ነገር ነው፤ በአላህ ስም ምላ ውሸታም መባሏ ደግሞ ሌላ ነው። መጀመሪያ የጠረጠረችው ሚዛኑን ነበር። እህል ነጋዴው ዘንድ ሄዳ የጆንያ መመዘኛው ላይ ወጣች፤ ዘጠና ሁለት። ቀጥላ ውሃውን ጠረጠረች። ከዚያ ጭራሽ ጭሱን!

«ወለቴ፣ ቀኑን ሙሉ የኦቾሎኒ ጭስ የምስበው ያወፍረኝ ይሆን እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ወለተማርያም ጎረቤቷ ናት፤ ከጎኗ ባለች ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች፤ ምላሷ ምላጭ ነው። «ጭስ ቢያወፍርማ እኔ በዚህ በር አልገባም ነበር» አለቻት። «ይልቅ አስቢ እስቲ፣ ማታ ተነስተሽ ትበያለሽ?»

«ሞቼ ልገኝ!»

«እንግዲያስ እንጃልሽ።»

ረመዳን ሊገባ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ሙሚና ካለፈው ዓመት ጾም የቀረባት አንድ ቀን ትዝ አላት። ወትሮ የቀሩባትን ቀኖች የምትከፍለው በጁምዓ ነው፤ በረንዳው ዝግ ስለሚሆን። በረመዳንም ቢሆን ቀን አትሠራም፤ የምትቆላው ማታ፣ ከፊጥር በኋላ ነው። ዘንድሮ ግን በጉልበቷ ነገር ተዘናግታ ጁምዓዎቹ አመለጧት፤ የቀረችው አንዲት ጁምዓም እንዳታመልጣት ፈራች። ምን ይደረግ፣ ማክሰኞ ዕለት ጾማ ሥራ ገባች።

ምድጃውን አቀጣጠለች፣ አሸዋውን አጋለች፣ የመጀመሪያውን ዙር አፈሰሰች። ትንሽ እንዳማሰለች አንድ ነገር ከንፈሯን አቃጠላት።

ፍሬ ነው። ኦቾሎኒ! በሁለት ጣቷ ይዛ ከንፈሯ ላይ አድርሳዋለች።

«አስተግፊሩላህ!» ብላ ወረወረችው። ጾሟን ልታፈርስ ነበር። መቼ እንዳነሳችው አታውቅም። መልሳ ማማሰል ጀመረች፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እጇ እንደገና ወደ አፏ ሲሄድ መንገድ ላይ ያዘችው። አሁን ሦስት ፍሬ ይዟል፤ ገለባቸውም ተፈትጓል።

ሌላ ሰው ቢሆን ደንግጦ እጁን ይቆጣ ነበር። ሙሚና ግን ሆነ ብላ ለቀቀችው። አንድ የሻይ ብርጭቆ አምጥታ አጠገቧ አስቀመጠችና፣ እጇ ያነሳውን ሁሉ ከአፏ በር ላይ እየቀማች እዚያ ትከተው ጀመር። ቁሌቱ በሰለ ወይ ብላ ስታይ፣ ሁለት። ጨው በቃው ወይ፣ አራት። ደንበኛ ሲመርጥ አብራ፣ ሦስት። ሲነፋ የተሰበረው እንዳይባክን ደግሞ ግማሽ ጭብጥ! ቀትር ሳይሆን ብርጭቆው ሞላ። ሁለተኛ አመጣች። ዐሥር ሰዓት ላይ እሱም ሞላ።

«ወለቴ!» ብላ ጮኸች። «ነይ፣ ጉዴን እይ!»

ወለተማርያም ማማሰያዋን እንደያዘች መጣች። ሁለቱን ብርጭቆዎች አየች፤ ሙሚናን አየች። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ቅምሻዬ ነው። የዛሬ ብቻ። መቅመስ መብላት መሆኑን በምን ልወቀው? ቆይ ቆይ… የሰባት ዓመቱን አስቢው እስቲ!»

ወለተማርያም በሳቅ በሩን ተደገፈች። የሙሚና ሳቅ ግን ከንፈሯ ላይ ቀረ። ወላሂ ብላለች። አንዲት ፍሬ አልዞረችም ብላለች።

ያን ቀን ገና ከጧቱ ሌላም ጣጣ ነበረባት። ሳትቀምስ መብሰሉን በምን ትወቅ? ለወለተማርያም «ቅመሽልኝ» እንዳትላት፣ እሷም ሁዳዴ ይዛለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ሁለት ጿሚዎች አንድ ምጣድ ኦቾሎኒ ላይ አፍጥጠው ቀሩ። የመጀመሪያው ዙር አረረ። በሁለተኛው ሙሚና ጆሮዋን አቆመች፤ ፍሬው መጀመሪያ ጠስ ጠስ ይላል፣ ቀጥሎ ይንጣጣል፣ ኋላ ድምፁ ሳሳ ይላል። ሳሳ ሲል አወጣችው። ገለባው በጣቷ መሐል ሳይታገል ወለቀ። ደንበኞቿ ምንም ሳይሉ እየቃሙ ሄዱ፤ አንዱማ ተመልሶ ደገመ። ለካ አፏ ሰባት ዓመት ሙሉ ያለ ሥራው ነበር ደመወዝ የሚበላው!

የመግሪብ አዛን ሲሰማ በተምር አፈጠረች። ሰግዳ፣ ራቷን ከቀማመሰች በኋላ አንድ ጭብጥ ኦቾሎኒ ሳህን ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ተቀምጣ! አንዷን ፍሬ አላመጠች። ደህና አድርጋ አላመጠች። መጀመሪያ ጨዉ መጣ፤ ቀጥሎ አንድ የወተት የሚመስል ጣፋጭ ነገር ምላሷ ላይ ቆየ። ይኼን ጣዕም አታውቀውም። ሰው ከሩቅ እየመጣ የሚገዛት ለዚህ ኖሯል! አንዷን ጭብጥ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት፤ ሌላም አላማራትም።

ከዚያ ወዲያ በጆሮዋ ቆላች። እጇ ሲያምፅባት ብርጭቆው ውስጥ ትከትበታለች፤ ማታ መልሳ ለደንበኛ ምርቃት ትጨምረዋለች። ረመዳን ገባ፣ ወጣ። ዒድ አለፈ።

በቀጠሮዋ ቀን ክሊኒኩ ሄደች። ሚዛኑ ላይ ወጥታ ዐይኗን ጨፈነች።

«ሰማንያ ስድስት ተኩል» አለ ሐኪሙ። ጉልበቷን አጥፎ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ። «ማሻአላህ! ምን አድርገሽ ነው?»

ሙሚና ማሻአላህ ተቀብላ መውጣት ትችል ነበር። ማን ያውቅባታል? ግን ከቦርሳዋ በላስቲክ የተቋጠረ ኦቾሎኒ፣ ሁለት ብርጭቆ የሚሆነውን፣ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይኼን ያህል በቀን እበላ ነበር፣ ዶክተር። ቅምሻ ነው ብዬ አልቆጠርኩትም። ያን ቀን የማልኩልህ ውሸት ነበር።»

ሐኪሙ ቋጠሮውን በእጁ መዘነ። «ይኼ እኮ የሁለት ምሳ ካሎሪ ነው!» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ግን ሳታውቂ ነው የማልሽው።»

«አላውቅም ነበር። ቢሆንም ወላሂ ከማለቴ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ። ስንቱን እጠይቅ የለም?»

ሐኪሙ ቋጠሮውን መልሶ ሰጣት። ኋላ «ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አላት። «ከእንግዲህ ቁሚ።»

እንባዋ ሳታስበው ዱብ ዱብ አለ። በእጅጌዋ ጠራርጋ ወጥታ ወደ በረንዳዋ የሚሄድ ሐፍላ ተሳፈረች። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ብርቱካን የታቀፈች አንዲት ሱዳናዊት አይታት ብድግ ልትልላት ሞከረች፤ «ነይ ኡክቲ፣ ተቀመጪ።»

«ተይ እህቴ» አለቻት ሙሚና፣ ከላይ ያለውን ብረት ጨብጣ። «መቆም ተፈቅዶልኛል።»