ውሃው ያነሰበት ወገብ

የእህቴን ልጅ ሰፈሩ በሙሉ «መሰላል» እያለ ነው የሚጠራው። ጎንበስ ሳይል በር አያልፍም። እግዜር ያን ሁሉ ቁመት ሰጥቶት ሲያበቃ ሙያውን ፀጉር ማስተካከል አደረገው፤ እናም ገና በሃያ ስድስት ዓመቱ የሰው ጭንቅላት ላይ ታጥፎ ይውል ነበር።

የሚሠራበት ቤት ሦስት ወንበር አለው። የእሱ በሩ አጠገብ ያለው ነው። ወንበሩን ከፍ የሚያደርገው ፔዳል ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ደንበኛው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ መሰላል ደግሞ እሱን ፍለጋ ይወርዳል።

«ጋሼን ያሠሩልኝ አትላቸውም?» እለዋለሁ። ጋሼ የምለው የፀጉር ቤቱን ባለቤት ነው።

«ይሉኝታ ይይዘኛል፣ እትዬ። ሙያ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ይሉኝታ ስንቱን እንዳጎበጠ እኔ አውቃለሁ።

ዝናብ የበዛበት ወር ነበር መሰለኝ፣ ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ፤ ብቻ አንድ ጠዋት ጫማውን ማሰር አቃተው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ማሰሪያውን ከሩቅ ያየዋል። እናቱ አሰረችለት። ሥራ ቦታ ደግሞ የአንዱን ሰው ጺም ገና ግማሹን እንደላጨ ቀና ማለት አቅቶት ቀረ።

ጋሼ ወደ ጥግ ጠሩት። «ልጄ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻለህ ወንበሩን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው። ቤቱ በሥራ ነው የሚቆመው።»

ከመቀስና ከማሽን በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ያን ቀን ቤት ሲገባ አንድም ቀልድ አልወጣውም።

እኔና እናቱ ሐኪም ዘንድ ይዘነው ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት። የወገቡን የኤምአርአይ ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅላ፣ «ሥራ ላይ የምታነሳው ከባድ ነገር ምንድን ነው?» አለችው።

«ማበጠሪያ።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችን። በወገብ አጥንቶች መካከል ዲስክ የሚባል እንደ ትራስ ያለ ለስላሳ ነገር አለ። የእሱ የታችኞቹ ሁለቱ ውሃቸው ቀንሶ ሳስተዋል። ወጣት ላይም ይታያል፣ አትደንግጥ፤ ብቻ ጎንበስ ብለህ አትዋል፣ ተኝተህም አትዋል፣ ተራመድ አለችው።

እህቴ ከዚህ ሁሉ ይዛ የወጣችው «ውሃው ቀንሷል» የምትለዋን ብቻ ነው። ከማግስቱ ጀምራ ውሃ ታጠጣው ያዘች። ጠዋት አንድ ጆግ፣ ሲወጣ ሁለት ጠርሙስ፤ ቀትር ላይ ሌላ ይዛ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ትቆማለች።

«እማ፣ ሰው ነኝ እንጂ በርሜል አይደለሁም።»

«ዝም ብለህ ጠጣ። ሐኪሟ ስትናገር ጆሮህ የት ነበር?»

አልዋሽም፣ እኔም ትክክል መስሎኝ ቀድቼለታለሁ።

የፀጉር ቤቱ ሽንት ቤት ከጓሮ፣ ረጅሙን ግቢ አልፎ ነው። መሰላል በየሃያ ደቂቃው «አንዴ ይቅርታ» ብሎ ይወጣል። ደንበኛው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ መስታወት ውስጥ ከራሱ ጋር ይፋጠጣል። አንዱማ፣ «ይሄ ልጅ ፀጉር አስተካካይ ነው ወይስ የግቢው ዘበኛ?» አለ።

ጋሼ ተናደዱ። የተጀመረውን ሰው ራሳቸው ሊጨርሱ ማሽኑን አነሱ። እሳቸውም ቁመት አያንሳቸውም። ጎንበስ አሉ፣ ጨረሱ፣ ቀና ሊሉ ሲሉ ግን ወገባቸው እምቢ አለ። መሰላል ከጓሮ ሲመለስ ወንበሩን ተደግፈው ቆመዋል።

«ይሄ ወንበር ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የወረደው?»

«ሁለት ዓመት ሆነው፣ ጋሼ።»

«አፍ የለህም እንዴ አንተ?»

«ይሉኝታ ይዞኝ…»

«ወገብህን ለይሉኝታ ከምትገብር ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።»

በዚያው ሳምንት ፔዳሉ ተሠራ። መሰላል ቀጥ ብሎ ቆሞ መሥራት ጀመረ፤ የጓሮው ምልልስም ወገቡን አፍታታለት። ሐኪሟ በኋላ ነገሩን ስትሰማ፣ የተጠጣ ውሃ ዲስክ ውስጥ አይገባም፣ የጠቀመህ መራመዱ ነው አለችው። እህቴ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ አላመነቻትም። «ውሃው ባይኖር ማን ያራምደው ነበር?» ትል ነበር።

ወሩ አለቀ፣ ወንበሩ ለማንም አልተሰጠም። ሕመሙ ጨርሶ አልተወውም፣ ብርድ ሲሆን ብቅ ይላል። ያኔ ማሽኑን ያስቀምጥና ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሮ ይመጣል። አሁን ጋሼም አብረውት ይዞራሉ።